አምስተኛው ወንበር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የጨዋታ ውድድር በቀጥታ ለሕዝብ ማሳየት ነበር። ጨዋታው እግር ኳስ አይደለም፤ ወጣቶች አምስት አምስት ሆነው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡና፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ ስክሪን ውስጥ የሚዋጉት ዓይነት ነው። እሱን እንኳ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ባለፈው እሑድ መጥተሽ «እትዬ፣ አስተያየት ስጡን ብለው ለምነው፣ ስሰጣቸው ለምን ተቆጡኝ? እውነት ተናግሮ ጥፋተኛ መሆን አለ እንዴ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ በዚሁ ነገር ነውና፣ ምሳሌውንም ከሩቅ አላመጣም፤ ከዚያው ሠፈር ልውሰድልሽ።

ይህ ሰው ሥራውን ይወድ ነበር። ውድድሩ ሦስት ቀን የሚቆይ ነው። እሱ ከአዳራሹ መድረክ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ፣ የትኛው ምስል ለሕዝብ እንደሚወጣ ይመርጣል። «ካሜራ ሁለት ግባ፤ ሦስት ተዘጋጅ፤ አትነቃነቅ፤ አሁን!» ይላል ቀኑን ሙሉ። አጠገቡ አንድ ባልደረባው ተቀምጧል። የባልደረባው ሥራ ከምስሉ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ ነው፦ የቡድኖቹን ስም፣ ነጥቡን፣ ውድድሩን የደገፈውን ድርጅት ምልክት፣ ሁሉንም ባንድ ሰሌዳ አድርጎ።

ሰውዬው ቀኑ ሲያልቅ ከቤት ለሚያዩት ሰዎች እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «አስተያየታችሁን ስጡን። አንድ ሳናስቀር እናነባለን።» ለይስሙላ አልነበረም፤ እውነትም ያነባል። ምሳውን ሳይበላ የዋለ ሰው ዳቦ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያነባል። ሲያነብ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበረ፤ ለማንም ግን አይናገረውም። አንድ ሰው እንኳ «በርቱ» ብሎ እንዲጽፍለት ነበር የሚፈልገው።

የሚጻፍለት ግን ሌላ ነው። «ድምፁ ይቆራረጣል።» «ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ልጅ አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ እንዴት ባማረ!» «ካሜራ የያዘው ሰው የማን ዘመድ ነው?» «ይሄን ከማይ ግድግዳ ባይ ይሻለኝ ነበር።» አንዱ ሲሳደብ ሌላው ያሞግሰዋል፤ የበለጠ የሰደበ የበለጠ ይሞገሳል። ሰውዬውም እያነበበ፣ ጥቂት እየሳቀ፣ ጥቂት እየቆሰለ ያልፈው ነበር።

አንዲት ሴትም ነበረች። ውድድሩ ካለበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ፣ ወፍጮ ቤት ነበር የምትሠራው። እህል ትመዝናለች፣ ወፍጮው ውስጥ ትጨምራለች፣ ዱቄቱን በየጆንያው ተቀብላ አፉን ታስራለች። አንድ ልጅ ነበራት። ልጁ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የድሮ ስልኩ አይሠራም። አዲሱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ለእሷ አልነገራትም። መሞት አለመሞቱን እንኳ የምታውቀው፣ ክፉ ወሬ እስካሁን ባለመምጣቱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አብራት የምትሠራው ይርገዱ የምትባል ሴት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ ድንገት ጮኸች።

«ነይ እስቲ! ይሄ ያንቺ ልጅ ስም አይደለም? ከነአባቱ!»

የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ነበር። ተጫዋቾቹ በመድረክ ላይ የሚጠሩት ራሳቸው ባወጡት የጨዋታ ስም ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ከጎኑ እውነተኛው ስማቸው ተጽፏል። እናትየዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን መልሳ ሰጠቻትና ጆንያ ማሰር ጀመረች። ያሰረችውን ፈታች፤ እንደገና አሰረችው።

ውድድሩ በጀመረበት ቀን የራሷን ስልክ ሚዛኑ አጠገብ ጆንያ አስደግፋ አቆመችው። ወፍጮው ሲዞር እንኳን የስልክ ድምፅ፣ አጠገብ ያለ ሰው ጩኸትም አይሰማም። ስለዚህ ድምፁ ተቆራረጠ አልተቆራረጠ፣ ተናጋሪው ለፈለፈ አልለፈለፈ፣ ለእሷ ምኗም አልነበረም። የምትፈልገው ማየት ነው።

ምስሉ እንዲህ ነበር። መሐሉ ላይ ጨዋታው አለ፤ ተራራ፣ እሳት፣ የሚሮጥ ነገር። ከታች በኩል አምስቱ ተጫዋቾች በተርታ እንደተቀመጡ ይታያሉ። የመጀመሪያው ልጅ ፊቱ ሞላ ያለ ነው። ሁለተኛው መነጽር አድርጓል። ሦስተኛው ከንፈሩን ያላምጣል። አራተኛው ገና ሕፃን ይመስላል። አምስተኛው ወንበር ላይ ደግሞ ሰሌዳ ነበረ። የነጥቡ ሰሌዳ፣ ከነድርጅቱ ምልክት፣ ከተቀመጠው ልጅ ግንባር ጀምሮ እስከ አገጩ ይሸፍናል። ከሰሌዳው በታች የሚታየው ሁለት እጅ ብቻ ነው።

እጁን አወቀችው። ልጇ በልጅነቱ የወፍጮ ቤቱ የብረት በር አውራ ጣቱን ቀጥቅጦት፣ አጥንቱ ሲገጥም ወደ ውጭ ጎብጦ ቀርቷል። የኮምፒውተሩን ማውስ ሲይዝ ያ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆማል። ማንኪያ ሲይዝም እንዲሁ ነበር።

«አገኘሽው?» አለቻት ይርገዱ በጆሮዋ ጮኻ።

እናትየዋ በጣቷ ሰሌዳውን አሳየቻት።

«ታዲያ ጻፊላቸዋ! አስተያየት ስጡን ይላሉ አይደል እንዴ!»

«ምን ብዬ?»

«ሰው እንዴት እንደሚጽፍ አታዪም? ስድብ ጣል ካላደረግሽበት ማን ያነብልሻል! እዚህም ቢሆን ተራ የሚያገኘው የሚጮኸው ነው።»

ሴትዮዋ ተሳድባ አታውቅም። ነገር ግን «ልጄ ናፍቆኝ ነው» ብሎ ለማያውቁት ሰው መጻፍ አሳፈራት። ሰው ሁሉ እያነበበው፣ ከዚያ ሁሉ ሳቅና ፌዝ መካከል፣ የሆዷን ገልጣ ልታስቀምጠው አልቻለችም። ስለዚህ ከሌሎቹ ቃል ለቅማ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ስርጭታችሁ የማይረባ ነው። ካሜራችሁም ዕውር ነው።»

ሰውዬው ማታውኑ አነበበው። «ዛሬ ደግሞ ዕውር ተባልን» ብሎ ለባልደረባው አሳየው። ባልደረባውም «ዕውርስ ይሻላል፣ የማንም ዘመድ አልተባልክም» አለው። ተሳሳቁና አለፉት። ምን ያድርጉ? ካሜራው ዕውር ነው ከተባለ፣ ምኑን ነው የሚያርሙት?

በሁለተኛው ቀን ሰሌዳው እዚያው ነበር። ሴትዮዋ ስድቡን ተወችው። «ዳር ያለው ልጅ አይታይም» ብላ ጻፈች።

ይህችን ሰውዬው ጨዋታው ገና ሳያልቅ ሲያነብ ቆም አለ። ግዴለሽ ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ፤ አምስት ወንበር፣ አምስት ፊት። እንደገና ቆጠረ፤ አምስት ነው።

አሁን ይህን ልብ በዪልኝ። ሰውዬው አልዋሸም። እሱ የሚያየው ምስል ምንም ያልተለጠፈበት ነው። እንደዚያ አድርጎ ያስተካከለውም ራሱ ነው፤ ጽሑፉ ዓይኑን እንዳይከፋፍልበት፣ ካሜራዎቹን ጥርት አድርጎ እንዲያይ ብሎ። ሰሌዳው የሚለጠፈው ምስሉ በእሱ ፊት ካለፈ በኋላ ነው። ባልደረባውም የሚጠብቀው የነጥቡ ቁጥር ትክክል መሆኑን እንጂ ከቁጥሩ ኋላ ማን እንደተቀመጠ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራቸውን ሕዝብ በሚያየው መልክ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለቱም ግን ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ከስክሪን አላነሡም።

እንዲህ ብሎ መለሰላት፦ «ወዳጃችን፣ አምስቱም በደንብ ይታያሉ። ስልክዎን ይጥረጉት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከመልሱ ሥር የሳቅ ምልክት ተደረደረ።

ሴትዮዋ ስልኳን አየችው። እውነትም ዱቄት ነበረበት። በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው፤ እፍ ብላ እንደገና ጠረገችው። መስተዋቱ ጠራ። ሰሌዳው ግን አለ፤ እንዲያውም ጠርቶ ታየ።

በሦስተኛው ቀን የልጇ ቡድን ከተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን የለውም። ሴትዮዋ ይህን ከሌሎች ጽሑፍ ላይ አንብባ አውቃለች። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ የገበያ ማግሥት ስለነበረ እስከ በር ድረስ ሰው ሞልቶታል።

«በደንብ አልሰደብሽም ማለት ነው» አለች ይርገዱ። «አምጪው፣ ዛሬ እኔ ልጻፍላቸው። ከነአያታቸው ነው የማነሣላቸው።»

«ተዪኝ እስቲ» አለች እናትየዋ። «ዛሬ እንኳ በራሴ አፍ ልናገር።»

መስፈሪያውን ለይርገዱ ሰጠቻትና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ትምህርት ብዙ ስላልገፋች ቶሎ አትጽፍም። ጨዋታው ተጀምሯል፤ እሷ ገና ፊደል ትፈልጋለች። የጻፈችው ይህ ነው፦

«ስልኬን ጠርጌዋለሁ። እኔ የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው፤ የማየው በትንሽ ስልክ ነው። ድምፅ አይሰማኝም፣ ድምፁን አልፈልገውም። ነጥብ የምትጽፉበት ሰሌዳ ዳር የተቀመጠውን ልጅ ከግንባሩ እስከ አገጩ ሸፍኖታል። የአራቱ ልጆች ፊት ይታየኛል። የአምስተኛው እጁ ብቻ ነው የሚታየኝ። በአውራ ጣቱ ነው ያወቅሁት። ልጄ ነው፤ ሁለት ዓመት አላየሁትም። ሲሄድ ፊትህን አታሳየኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በእናንተ አልፈርድም። ዛሬ ከተሸነፉ ሌላ ቀን የላቸውም አሉ። ሰሌዳውን ፈቀቅ ብታደርጉልኝ።»

ሰውዬው ሲያነበው ጨዋታው ጦፎ ነበር። ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። አምስት ፊት። እንደ ትናንቱ «ይታያሉ» ብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ ደግሞም ውሸት አይሆንበትም። ነገር ግን አንዲቱ ቃል ያዘችው፤ «እጁ ብቻ» የምትለዋ። የአራት ሰው ፊትና የአንድ ሰው እጅ ቆጥሮ የጻፈ ሰው የሆነ ነገር እያየ ነው። «እኔ የማላየውን ነገር እያየ ነው» አለ በልቡ።

ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ከኋላው ለነበረው ረዳቱ ሰጠና ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለው ባልደረባው። «ሊያልቅ ነው እኮ!»

«ወጥቼ ልየው።»

«ምኑን? እዚህ ተቀምጠህ እያየኸው አይደለም እንዴ?»

ሰውዬው በጓሮ በር ወጣ። እዚያ ጄኔሬተሩ እያጓራ ነበር፤ ከሞተሩ ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። በሦስቱ ቀን ውስጥ የገዛ ሥራውን እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

አራት ፊት አየ። አንድ ሰሌዳም አየ። ከሰሌዳው ሥር ሁለት እጅ፣ አንዱ አውራ ጣቱ ጎብጦ።

ያን ልጅ ያውቀው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ይልቅ ፊቱን ያየው እሱ ነው። ሲያሸንፍ እንዴት እንደሚስቅ፣ ሲጨንቀው ጉንጩን ከውስጥ እንዴት እንደሚነክስ፣ ለብቻው ጠግቦ አይቶታል። አንዲት እናት በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ዱቄት እየጠረገች የተራበችውን ፊት፣ እሱ ሥራ ነው ብሎ ሳይሰስት አይቶት፣ ለሕዝብ ሲያቀርበው ግን በሰሌዳ ሸፍኖ ነበር ያቀረበው።

ሮጦ ተመለሰ። ከመጋረጃው ሲገባ በመድረኩ ላይ አምስቱ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። የልጁ ቡድን ተሸንፎ ወርዷል። ዳር ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆሟል።

«አለፈ» አለ ሰውዬው፤ ቆሞ ቀረ።

«ለእኛ ነው እንጂ ያለፈው፣ ውጭ ላሉት ገና ነው» አለ ባልደረባው ነገሩ ሳይገባው።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ሲነገረኝ ነው የገረመኝ። በእንዲህ ያለ ውድድር ምስሉ ተቀርጾ ወዲያው አይለቀቅም። ከቤት የሚያይ ጓደኛ ለተጫዋቹ «ባላጋራህ ከድንጋዩ ኋላ ተደብቋል» ብሎ እንዳይጠቁመው፣ ሦስት ደቂቃ ይያዝና ነው የሚወጣው። ሰሌዳው የሚለጠፈው ደግሞ ከተያዘበት ሲለቀቅ፣ በር ላይ ነው። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ ልጁ ተነሥቶ ሄዷል፤ ወፍጮ ቤት ላለችው ግን አሁንም ተቀምጦ እየተጫወተ ነው። አልተሸነፈም ገና።

«ሰሌዳውን አንሣው!» አለ ሰውዬው።

«ምን?»

«ሙሉውን አንሣው!»

«ድርጅቱ ምልክቴ ለአፍታ እንዳይጠፋ ብሎ አስፈርሞናል እኮ! ተወካዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ ነው!»

«እኔ እጠየቃለሁ። አንሣው አልኩህ!»

ሰሌዳው ተነሣ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሴትዮዋ ከጆንያው ብድግ አለች። ይርገዱ ፊቷን አየችና እጇን ዘርግታ ወፍጮውን አጠፋችው። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። በር ላይ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«ኧረ የኔ ጤፍ! ተሰልፌ የዋልኩት ለዚህ ነው እንዴ!»

«ዝም በሉ!» አለች ይርገዱ። «ሰው መጥቶባት ነው።»

ሰዎቹ ማን እንደመጣ ለማየት ዞር ዞር አሉ። ማንም አልነበረም። ስልክ ብቻ ነው።

ልጇ ከስቷል። ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ ይዞታል፤ ሒሳብ ሲከብደው እንደሚያደርገው። የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ ይሆናል። ዓይኑ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ይወረወራል፤ እሷ ወዳለችበት ግን አይዞርም፤ እሷ ያለችበት የለምና።

«ጢም አውጥቷል» አለች።

«አንቺስ ሽበት አውጥተሽ የለ» አለች ይርገዱ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቀልዷ አልነበረም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ፈነዳና ጨዋታው አለቀ። ልጁ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ፀጉሩ ላይ የማዳመጫው ምልክት ቀርቷል። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እናትየዋ «እጅህን አንሣ፣ እጅህን አንሣ» ስትል ሰዎቹ ሰሟት። አነሣው። አጠገቡ ያለው ሕፃን የሚመስለው ልጅ ያለቅስ ነበር፤ ልጇ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለለት፣ የሆነ ነገር ነገረው፣ ልጁም እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ተነሡ። ወንበሩን በጉልበቱ ወደ ኋላ ገፋው፤ ሄደ። ምስሉ ወደ አሸናፊዎቹ ዞረ።

ሴትዮዋ ለሰውዬው አንዲት ቃል ጻፈች። «ታየኝ» አለች።

ሰውዬው አነበባት። «በርቱ» የምትለዋን ቃል ሲጠብቅ ነበር፤ ያን መጠበቁን ረሳው። ልጁን ፍለጋ ወደ ግቢ ወጣ፤ ቡድኑን የያዘው ሚኒባስ ግን ቀደም ብሎ ሄዷል። ያን ረጅም ጽሑፍ ለቡድኑ አለቃ በስልክ ላከለት። ሲመለስ የድርጅቱ ተወካይ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ተቆጣው፤ እሱም ቆሞ ሰማው።

ልጁ ጽሑፉን አንብቦ እናቱ ዘንድ ደውሎ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ለእኔ የነገረኝም ሰው አላወቀም። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ ስልኳን ሚዛኑ አጠገብ አቁማ ነው የምትሠራው ይባላል። ወፍጮው ሲዞር ጥሪ አይሰማምና ዓይኗን ከላዩ አታነሣም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የጻፍሽላቸውን ሦስት ገጽ ትተሽልኝ ሄደሽ ነበር፤ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያነሣሽው ጥፋት ሁሉ ጥፋት ነው፤ አንዱንም አልፍቅልሽም። መብራቱም ዓይን ይወጋል ያልሽው፣ ተናጋሪዎቹ እርስ በርስ ይጯጯኻሉ ያልሽው ልክ ነው። ነገር ግን አንቺን ፈለግሁሽ፣ አጣሁሽ። «ሙያ የጎደለው»፣ «ደረጃውን ያልጠበቀ»፣ «የሚያሳፍር»፤ እነዚህን ቃላት ማንም ሊጽፋቸው ይችላል፤ ብዙ ሰውም ጽፏቸዋል። ከየት ሆነሽ እንዳየሽ አልነገርሻቸውም። ምን ልታዪ ፈልገሽ ምን እንዳጣሽ አልነገርሻቸውም። የማይረባ ነው አልሻቸው እንጂ።

ሴትዮዋ አንቺ ነሽ። ሰውዬው እነሱ ናቸው፤ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩት ሁሉም ይታያል፣ ውሸታቸውን አይደለም። ካንቺ ወንበር የተሸፈነውን አንቺ ካልነገርሻቸው ማን ይነግራቸዋል? ያ ሰሌዳ ደግሞ ምን ይመስልዎታል ያልሽኝ እንደሆነ፣ ከሰው ተውሰሽ የለጠፍሽው ቃል ይመስለኛል። ፊቱ ከኋላው አለ። አንቺ ናፍቆትሽን እዩልኝ ብለሽ ስድቡን ነው ያቀረብሽላቸው፤ እነሱም ያዩት ስድቡን ነው። ታዲያ ለምን ተቆጡ ትያለሽ?

አልቅሺላቸው ማለቴ አይደለም። ሴትዮዋም አላለቀሰችባቸውም፤ አራት ፊትና አንድ እጅ ነው ያለቻቸው። ሰውዬውን ከወንበሩ ያስነሣው እንባዋ አይደለም፤ ያየችውን እንዳየችው መናገሯ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ግማሽ መስመር አለች፤ ጽፈሻት ወዲያው ወደ መብራቱ ነገር ዘለልሽ። «የሴቶቹ ጨዋታ ሳያልቅ ወደ ማስታወቂያ ሄዳችሁ» ትላለች። እሷን ስትጽፊ ስድብ አልጨመርሽባትም። እዚያ ቦታ ላይ ብዕርሽም ጠብቆ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ከእነዚያ ሴት ልጆች ጋር አንቺም ትጫወቺ እንደነበር፣ በኋላ የቤት ነገር መጥቶ እንደተውሽው አውቃለሁ፤ ነግረሽኝ ሳይሆን የእነሱ ጨዋታ ሲተላለፍ ስልክሽን አያያዝሽን አይቼ ነው።

ሦስቱን ገጽ ተዪው። ከዚያች ግማሽ መስመር ጀምሪ። ማስታወቂያው ሲገባ ማን እየተጫወተች እንደነበረ፣ ምን ልታደርግ ተቃርባ እንደነበረ፣ አንቺም የት ተቀምጠሽ እንደነበረ ጻፊላቸው።